ባሕር ማዶ የተመረመረው እጅ

ሐምዱ ሲራጅ የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ከላይኛው አንጓ በላይ የለም። የላሜራ መቁረጫ ነው የወሰደበት፤ ከዳሎቻ መጥቶ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ በገባ በሦስተኛው ወሩ። ነገሩን ከጣት የጀመርኩት አለምክንያት አይደለም፤ ኋላ ባሕር ማዶ ድረስ ሄዳ ያከራከረችው እሷ ስለሆነች ነው።

እኔ ጣሰው እባላለሁ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ መጀመሪያ በታይፕ ኋላም በኮምፒውተር፣ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ ሃያ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። የባልና ሚስት ክስ፣ የቀበሌ ቤት አቤቱታ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። የሐምዱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ እሱ ሌላ ሰው ከሚያወራ እኔ ባወራ ይሻላል፤ ቢያንስ ቀኖቹን አውቃቸዋለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ቀን ትልቅ ነገር ነው።

ሐምዱ ዝምተኛ ነው። በርሜል ቀዶ ምድጃ ያወጣል፣ የዘይት ቆርቆሮ ገልብጦ ባልዲ ያደርጋል። ሲሠራ ታዲያ ሰው ካናገረው ቶሎ አይመልስም፤ በመዶሻው ሦስት ጊዜ ይቀጠቅጥና ከዚያ ነው አፉን የሚከፍተው። መጀመሪያ ስንተዋወቅ ይህ ጠባዩ ያናድደኝ ነበር። የደንበኞቼን ወሬ ስሰማ በዋልኩ ቁጥር ግን ሁሉም እንደ እሱ በሆኑ እያልኩ መመኘት ጀመርኩ።

ሚስቱ አስያ በርበሬ በረንዳ ትውላለች። ከማረቆና ከአላባ የሚመጣውን ዛላ በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ ታበጥራለች። ላላየው ሰው ቀላል ሥራ ይመስላል። ዛላው ሲነካካ የሚነሳው አቧራ ግን ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል፤ ሴቶቹ አፍንጫቸውን በሻሽ ጠቅልለው ሲያስነጥሱ ይውላሉ። አስያ ላይ ግን ጠና። ሳሉ አላስተኛ ሲላት ክሊኒክ ሄደች፤ ሐኪሙ በርበሬውን ተይው አላት።

«በርበሬውን ልተወውና ምን ልያዝ?» ብላው ተመለሰች።

ይህንኑ ለሐምዱ ነገረችው። በማግሥቱ ሐምዱ አንድ የዘይት በርሜል ሱቁ ውስጥ አጋድሞ በምስማር ይበሳው ጀመር። ኅዳር 1999 ነበር።

የሠራው ማሽን እንዲህ ነው። የተበሳው በርሜል በርበሬውን ውስጡ ይዞ በጎኑ ተኝቶ፣ ከአሮጌ ብስክሌት በተፈታ ሰንሰለት፣ በእጅ ይዞራል። ያው ሰንሰለት ከኋላው ያለችውን ማራገቢያ ያዞራል። ማራገቢያዋ ከበርበሬው የሚነሳውን አቧራ ስባ በቱቦ እያሳለፈች እርጥብ ጆንያ ላይ ትተፋዋለች። ከላይ የተሰቀለች ጀሪካን ጆንያው እንዳይደርቅ ውኃ ጠብ ጠብ ታደርግበታለች። አቧራው እዚያው ጭቃ ሆኖ ይቀራል። በቃ ይኸው ነው። አቧራ የሚስብ ማሽን ድሮም አለ፤ የሐምዱ ቁም ነገር ያቺ ጆንያና ያቺ ጠብታ ናቸው። አስያ በሁለተኛው ሳምንት ሻሹን ከአፍንጫዋ አወረደች።

ምን አለሽ ተራ ሁለት ልማድ አለ፤ ሁለቱም ሐምዱ ላይ ስለደረሱ ልናገራቸው። አንደኛው፣ የሠራኸውን የጠየቀህ ሰው ካለ ታሳየዋለህ፤ ጎረቤትህ ከሆነ ደግሞ ፎርማውን፣ ማለትም ላሜራው የሚለካበትን ካርቶን ቆርጠህ ትሰጠዋለህ። የከለከለ ሰው ይታወቅበታል። ሁለተኛው፣ አዲስ ነገር የሠራ ሰው «ይህ የእኔ ነው» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ዕቃው አንድ በጋና አንድ ክረምት ሰው እጅ ላይ ሠርቶ ከታየ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የተናገረ ቱልቱላ ይባላል፤ ዕቃው ከተበላሸማ እስኪያረጅ ድረስ ይሳቅበታል።

ሐምዱ ልማዱን ጠበቀ። ማሽኑ አስያ ዘንድ በጋውን ደረቅ በርበሬ፣ ክረምቱን እርጥብ በርበሬ ሲያዞር ከረመ። መስከረም 2000 ላይ ጎረቤቱ ፉርቃን ፎርማውን ጠየቀው፤ ሰጠው። ፉርቃን ሱቁ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ነው፤ የሐምዱ ከጀርባው ነው፣ በጠባብ መተላለፊያ የሚገባ። ፉርቃን ተናጋሪ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ገዢ የሚያየው እሱን ነው። ማሽኑን እየሠራ አወጣ፤ በረንዳው ሁሉ ገዛ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ማሽኑ ስም ወጣለት። ፉርቃን ተባለ።

አንድ ቀን አስያ አጠገብ የምትቀነጥሰው ሴት «አስያ፣ እስቲ ፉርቃንሽን አውሺኝ» አለቻት። አስያ ለሐምዱ እየሳቀች ነገረችው። እሱ አልሳቀም።

መጋቢት 2000 ላይ እኔ ዘንድ መጣ።

«ጋሼ ጣሰው፣ ማመልከቻ ይጻፉልኝ።»

«ለየት?»

«ለፓተንት ቢሮ። በሬዲዮ ሰምቻለሁ።»

«ፉርቃንን ልትከስ ነው?»

«ኧረ በአላህ! ፉርቃን ወንድሜ ነው፣ ይሥራ፣ ይሽጥ። እኔ የምፈልገው ማን እንደሠራው እንዲጻፍ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ብቻ።»

እኔም ሳልወድ ተማርኩ። ፓተንት ማለት ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጥ የባለቤትነት ወረቀት መሆኑን፣ ማሽኑ መሣል እንዳለበት፣ አዲስ የሆነው ነገር የቱ እንደሆነ ለይቶ መጻፍ እንደሚያስፈልግ። ሐምዱ ሣለ፣ እኔ ጻፍኩ። «ጆንያ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ሰርዤ «ውኃ የሚይዝ ጨርቅ» አልኩት፤ ቢሮ ጆንያ ይንቃል ብዬ። ከመርካቶ ሁለት ታክሲ ይዘን ሄደን አስገባን። የፋይል ቁጥር ሰጡን።

ከዚያ ጠበቅን። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት። በየስድስት ወሩ ሐምዱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይሄዳል፤ «በምርመራ ላይ ነው» ይሉታል፤ ይመለሳል። እኔ ማንንም አላማም። መርማሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሚመጣላቸው ደግሞ ከመድኃኒት እስከ ማረሻ ነው። አንድ ነገር አዲስ ነው ለማለት በዓለም ላይ የተጻፈውን ሁሉ ማገላበጥ ያስፈልጋል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ፋይል ሳልጨርስ ጡረታ እወጣ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማሽኑ ፉርቃን መባሉን ቀጠለ።

ኅዳር 2004 ላይ ስልክ ተደወለ። ሐምዱ «ይምጡልኝ» አለኝና አብሬው ሄድኩ። ፋይሉን የያዘችው ሩሀማ የምትባል ወጣት መርማሪ ናት፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ነገር የማታበዛ።

«አቶ ሐምዱ፣ ከውጭ አገር ቢሮዎች ጋር አብረን መሥራት ጀምረናል» አለችው። «ፋይሉን ተርጉመን እንልክላቸዋለን፤ እነሱ ያላቸው የሰነድ ክምችት ውስጥ ይፈልጉና አስተያየት ይልኩልናል። ውሳኔው የእኛ ነው። ግን አንዱ የፈለገውን ሌላው ከዜሮ ስለማይጀምር ይፈጥናል። የእርስዎን ልልከው ነው።»

«እዚያ ያለ ሰው ስለ በርበሬ አቧራ ምን ያውቃል?» አልኳት እኔ።

«ስለ በርበሬ አያውቅም፤ ስለ አቧራ ያውቃል» አለችኝ።

አራት ዓመት ያልተንቀሳቀሰው ፋይል በአራት ወር ተመልሶ መጣ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ይፈጥናል ብዬ አልገመትኩም። መጋቢት ላይ ተጠርተን ስንሄድ ሩሀማ ፊቷ ደስ የሚል አልነበረም።

«ማሽኑ ከዚህ በፊት ታትሞ ተገኝቷል» አለች።

ሐምዱ ቀና አለ። «ማን ሠርቶት?»

አንድ ገጽ አዙራ ፊቱ አስቀመጠች። በውጭ ቋንቋ ከታተመ፣ ስለ ውድቅዳቂ ብረት አጠቃቀም ከሚያወራ ትንሽ መጽሐፍ የወጣ ገጽ ነው። ፎቶው ላይ የተበሳው በርሜል አለ፣ ሰንሰለቱ አለ፣ ጆንያውና ጀሪካኑ አሉ። የሰው ፊት የለም። መዘውሩን የጨበጠ አንድ እጅ ብቻ አለ፤ ሌባ ጣቱ ከላይኛው አንጓ በላይ የለም።

ሐምዱ የሚቀጠቅጠው ነገር ስላልነበረው ጠረጴዛዋን በጉልድፍ ጣቱ ሦስት ጊዜ መታ። ከዚያ እጁን ፎቶው ጎን አጋደመው።

«ይቺ እጄ ናት» አለ።

ሩሀማ መነጽሯን አወለቀች። እጁን አየች፣ ገጹን አየች፣ እንደገና እጁን አየች። ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ ተረጎመችልን፦ «በርበሬ ማበጠሪያ፣ አዲስ አበባ፣ መርካቶ። የሠሪው ስም አይታወቅም።»

ያኔ ነው ሐምዱ ያስታወሰው። አንዲት ፈረንጅና አስተርጓሚዋ፣ ማሽኑን ለጥገና ሱቁ ባመጣበት ቀን መጥተው ነበር። ጠየቁት፤ አሳያቸው። በርሜሉን ከፍቶ፣ ቱቦውን ፈትቶ፣ ጆንያውን አርጥቦ አሳያቸው። ስሙን አልጠየቁትም፤ እሱም አልነገራቸውም። ማሽኑ ገና በጋውን አልጨረሰም ነበርና ስም የሚነገርበት ጊዜ አልነበረም።

ሩሀማ አስረዳችን። አመልካቹ ራሱ ያሳየው ነገር ከሆነና ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ከወጣ እንደ ጥፋት አይቆጠርበትም። ከዚያ ቀድሞ ከወጣ ግን ማሽኑ አዲስ አይባልም፤ ያሳየው እሱ ራሱ ቢሆንም። መጽሐፉ ላይ ያለው ዓመት ብቻ ነው፣ በፈረንጅ 2007፤ ወሩ የለም፣ ከአሥራ ሁለቱ ወር በፊትም በኋላም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገር እንድናመጣ ጠየቀችን። እጁ የእሱ መሆኑን የሚያሳይ ፎቶ፣ እና ፎቶው በየትኛው ወር እንደተነሣ የሚገልጽ የተፈረመ ቃል።

ፎቶውን ለማንሣት ተክለ ሃይማኖት ያለ ሁዛይፋ የሚባል ፎቶ አንሺ ዘንድ ሄድን። ሥራው የሠርግ ነው። ማሽኑን በጋሪ አስጭነን ሐር መጋረጃው ፊት አቆምነው። ሁዛይፋ ሐምዱን «ትንሽ ፈገግ በል» አለው።

«እጅ ብቻ ነው የሚነሣው» አልኩት።

«ቢሆንም» አለ ሁዛይፋ፣ «ሰውዬው ሲኮሳተር እጁም ይደርቃል።»

ሐምዱ ሳቀ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እጁም እውነት ላላ፤ ፎቶው ከመጽሐፉ ጋር አንድ ሆነ።

ቀኑን ለመጻፍ እኔ ዘንድ ተቀመጥን። አሁን ጥፋቴን ልናገር። በእኔ ሙያ ቀን ማስተካከል እንደ ውሸት አይቆጠርም ነበር። የስንቱን የቤት ኪራይ፣ የስንቱን ጋብቻ አንድ ሁለት ወር ገፍቻለሁ። ማመልከቻው የገባው መጋቢት 2000 ነው። ፈረንጇ ከመጋቢት 1999 በኋላ መጣች ከተባለ ሐምዱ ዳነ።

«ሚያዝያ 1999 ብለን እንጻፈው» አልኩት።

«በታኅሣሥ ነው የመጡት። የአረፋ ሳምንት። ወደ አገር ልወጣ ጓዜን እያሰርኩ ነበር፤ እነሱን ሳሳይ መኪና አመለጠኝ።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

ጠረጴዛዬን ሦስት ጊዜ መታ። «እኔ።»

«ሐምዱ፣ አራት ዓመት ጠብቀሃል። አራት ወር ናት። አንድ ቃል ናት።»

«ጋሼ ጣሰው፣ እጁ የእኔ ነው ብዬ ፎቶ ልኬላቸዋለሁ። እጁን ይመኑኝ እያልኩ ቀኑን ልዋሻቸው? ቀኑ ውሸት ከሆነ እጁም የእኔ አይመስልም።»

ተናደድኩ። በእሱም፣ በፈረንጇም፣ በጋና ክረምት በሚቆጥረው ልማዳቸውም ተናደድኩ። በልማዱ ባይታሰር ያን ጊዜውኑ ያመለክት ነበር። «ታኅሣሥ 1999» ብዬ ፊደሎቹን እየደበደብኩ ጻፍኩ። ፈረመ።

መልሱ ሰኔ ላይ መጣ። ሩሀማ ቆማ ተቀበለችን፤ ከዚያ በፊት ቆማ አታውቅም። መጽሐፉ የታተመው በፎቶው ማግሥት ወር፣ በጥር 1999፣ ከማመልከቻው አሥራ አራት ወር ቀድሞ መሆኑን የውጭው መርማሪ ከአሳታሚው ጠይቆ አረጋግጧል። ከሐምዱ ቃል ጋር ገጥሟል። ማመልከቻው ውድቅ ነው።

እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አዘንኩ፤ ለሌላ ሰው ወረቀት እንዲህ አዝኜ አላውቅም።

«አሁን ማሽኑ የማን ነው?» አለ ሐምዱ።

«የማንም አይደለም» አለችው። «ከእንግዲህ የትም አገር ያለ ሰው ይህንኑ ማሽን የእኔ ነው ብሎ ቢያመለክት ይህ ገጽ ይወጣበታል። አይሰጠውም።»

«ለእኔም አልተሰጠኝም።»

«ለእርስዎም አልተሰጠም።»

«የማንም ካልሆነ ማንም ይሠራዋል ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ያማ ድሮም ነበር። ፎርማውን ሰጥቻለሁ።» እጇ ላይ ወዳለው ደብዳቤ ጠቆመ። «እህቴ፣ ማን ሠራው ለሚለውስ ምን አሉ?»

ሩሀማ ደብዳቤውን ገለጠች። ከውሳኔው ምክንያት በኋላ፣ ለውሳኔው የማያስፈልግ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አማርኛ እያደረገች ቀስ ብላ አነበበችው። «በሰነዱ ላይ ስሙ አይታወቅም የተባለው ሠሪ አመልካቹ አቶ ሐምዱ ሲራጅ መሆናቸውን ከእጃቸው አረጋግጠናል።»

«ይህን እዚያ ያለው ሰውዬ ነው የጻፈው?»

«እሱ ነው። ቀኑን እውነት ስለተናገሩ እጁንም ያለ ጥርጥር ተቀብሎታል፤ እንደዚያ ነው የጻፈልኝ። እኔም ውሳኔው ላይ እንዳለ አስገብቼዋለሁ።»

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለ ሐምዱ።

ደገመችለት። ግልባጭ ጠየቀ፤ ከመጽሐፉ ገጽና ከትርጉሙ ጋር ማኅተም አድርጋ ሰጠችው። ታክሲ ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞሬ ሄድኩ። «ሚያዝያ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ያ ዓረፍተ ነገር ሊኖር አይችልም ነበር የሚለው ሐሳብ አውቶቡስ ተራ እስክንደርስ አልለቀቀኝም።

ምን አለሽ ተራ ስንደርስ ፉርቃን ከሱቁ ወጣ። ወረቀቱን ተቀብሎ ፎቶውን አየ፤ ጽሑፉን እንዳነብለት ጠየቀኝ። «የሠሪው ስም አይታወቅም» የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

«እንዴት ነው የማይታወቅ? እዚህ ነበርኩ እኮ፣ እኔን አይጠይቁኝም ነበር?» አለ። ከዚያ ራሱ የተናገረውን ሰማው መሰለኝ፣ ፊቱ ተለወጠ። በሱቁ ፊት የተደረደሩትን ማሽኖች አንድ በአንድ አያቸው። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ለሐምዱ መለሰለት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሥራዬ ወንበር ላስበይድ ፉርቃን ሱቅ ተቀምጬ ነበር። አንድ የአላባ ነጋዴ መጣ።

«ፉርቃን ሁለት ፍሬ ፈልጌ ነበር።»

«ፉርቃን እኔ ነኝ፣ አልሸጥም» አለው ፉርቃን።

ነጋዴው ግራ ገባው። በጣቱ አሳየ። «ያቺስ ምንድን ናት?»

«ሐምዱ ናት። ሐምዱ በልና ውሰድ።»

«ስም ምን ያደርግልሃል አቦ፣ ስጠኝና ልሂድ።»

«ሐምዱ ካላልክ አልሰጥህም። ወላሂ አልሰጥህም።»

ነጋዴው እኔን አየኝ፤ ሰውየው ደኅና ነው ወይ እንደ ማለት። «እሺ» አለ በመጨረሻ፣ «ሐምዱ ሁለት።»

ከጀርባ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆየና ሦስት ጊዜ ተመታ። ከዚያ ሐምዱ በጠባቧ መተላለፊያ ወጣ። ቀኝ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ለነጋዴው ዘረጋለት።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለው፣ አፉን ሞልቶ።